ስም የሌለው ሽለላ

በአዊዋ ግምጃ ቤት ከተማ፣ ሰርግ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጎረምሳ ዱላውን ጨብጦ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ ወጣቱ ሁሉ ፎካሪውን ያያል። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት የተቀመጠውን ሰው ነው። ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ? ከማዶ ከመጡት የሙሽራይቱ ዘመዶች መካከል ከእኛ ጋር ደም ያለበት አለ ወይ? ፎካሪው የአባቱን ስም ጠርቶ፣ የአያቱን አስከትሎ፣ አያቱ የጣለውን ሰው ሊጠራ ሲቃረብ አንዱ ሽማግሌ የጠላ ዋንጫ ይዞ ብድግ ይላል። «በል ይበቃል፤ ዕድሜ ይስጥህ፤ ጠጣ!» ፉከራው እዚያው ላይ ይቆረጣል። ልጅ ሳለሁ ሽማግሌዎቹ ጨዋታ የሚጠሉ ይመስለኝ ነበር።

የጥንቃቄያቸው ነገር የገባኝ የእናቴ ወንድም በተገደለ ጊዜ ነው። የጠቡ መነሻ የእርሻ ወሰን ነበር፤ ከአንድ ክንድ የማያልፍ መሬት። ለለቅሶው አልቃሽ ተጠርታ መጣች። ግጥሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የሠራውን ሥራ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አስቀድማ የሟቹን ቁመና፣ እጁን፣ በሬዎቹን አነሣች። ሰው አለቀሰ፤ ልቅሶውም የሚያቀል ልቅሶ ነበር። ከዚያ ወደ ወንድሞቹ ዞረች። በዚህ ቤት ወንድ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቀች። ያን ጊዜ ለቅሶው ጸጥ አለ። የሁሉ ታናሽ የነበረው አጎቴ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ሰልስት ሳይወጣ ከቤት ጠፋ። ከወራት በኋላ ማዶ መንደር ሌላ ድንኳን ተተከለ፤ እዚያም አልቃሽ ተጠራች። አጎቴ ወህኒ ወረደ። ቄሶች መስቀል ይዘው መሐል ገብተው፣ ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው አጎንብሰው፣ ካሳው ተከፍሎ ደሙ እስኪደርቅ ስንት ክረምት አለፈ! እናቴ ዛሬም ድረስ ከጥይቱ ይልቅ የምትረግመው ግጥሙን ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኪቦርድ ይጫወታል፤ አንዱ ጓደኛው ጊታር ይዟል፣ ሌላው ከበሮ ይመታል። ባለፈው ክረምት ደብተሩን ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ አንድ ወንጀልን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚተርክ አልበም ልንሠራ ነው» አለኝ። ጠቡ አንድ ዘፈን፣ ግድያው አንድ ዘፈን፣ ለቅሶው፣ ጫካው፣ በቀሉ፣ እስር ቤቱ። ስሞቹን ሁሉ ጽፏል። የሟቹን አጎቴን ስም አየሁ። እሱን የገደለውንም ሰው ስም አየሁ። ከዚያም ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካና ሱፐርትራምፕ የሚባል የእንግሊዝ ባንድ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አልበም አስጀመረልኝ፤ ርእሱ «የክፍለ ዘመኑ ወንጀል» ማለት ነው። «እንዲህ ያለ ጨለማ ነው የምንፈልገው» አለ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ወደዚያ አልበም ከመግባቴ በፊት የአንድ የይፋት ሰው ታሪክ ልነግረው ፈለግሁ።

ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ክራርና መሰንቆ ነካካ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባና ክላርኔትና ሳክስፎን ያዘ። ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠራ። በ1940ዎቹ ከእሱ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ሽለላን በሳክስፎን ነፋ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሽለላ ከማን ጋር እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀረርቶው በረጅም ድምፅ ያንጎራጉራል፣ ሽለላው ደም ያሞቃል፣ ፉከራው ስም ይጠራል። ሦስቱ ተከታትለው ነው የሚኖሩት። ዓድዋ ላይ ሥራቸውን ሠርተዋል። በአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራም ሠርተዋል፤ ጣልያኖቹ አርበኛውን ሁሉ «ሽፍታ» ሲሉት ሕዝቡ ያንኑ ሰው በቀረርቶ ሲያሞግሰው ኖሯል። የቢቸናው በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ጎጃም ውስጥ ጠላትን ሲወጋ የኖረ ጀግና ነው፤ በ1937 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። የመንግሥት መዝገብ በአንድ ስም፣ የጎጃም ዜማ በሌላ ስም ያስታውሱታል። አማርኛችን ራሱ «ገዳይ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሥራ ያሰማራዋል፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ያስፈርዳል፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ያስመርቃል። አንበሳ የገደለ፣ ወራሪ የገደለ፣ የጎረቤቱን ልጅ የገደለ፤ ቃሉ ለሦስቱም አንድ ነው። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ለወራሪ የተሠራው ሽለላ ወራሪው ከሄደ በኋላ ሥራ አልፈታም፤ ከድንበር ወርዶ የእርሻ ወሰን ላይ ቆመ።

ጌታቸው ዜማውን ከዚህ ሁሉ ውስጥ አወጣው። የቀረርቶ ዘፋኙን የጉሮሮ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሹን ይዞ ይዞ መጨረሻ ላይ የሚለቅበትን፣ ከታች ተነሥቶ እንደ ጩኸት የሚወጣበትን ስልት አንድም ሳያስቀር በናሱ ቱቦ አሳለፈው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ የጦረኛ ልብስ ለብሶ ነበር የሚቆመው። ሁሉም ነገር የገዳይ ነው፤ አለባበሱ፣ አነሣሡ፣ ጩኸቱ። የጎደለው ነገር ቢኖር የሟቹ ስም ብቻ ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ ኋላ ነፍሰ ገዳይ በሚያሳድድ መሥሪያ ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ደመወዝ የበላ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ግጥም የሌለበት፣ ሳክስፎኑ የሚመራው ሸክላ አሳተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያንን ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም 14ኛ ቅጽ መልሶ ሲያወጣው የውጭ ጃዝ አዋቂዎች የሳክስፎን ነፊዎቹን የኦርኔት ኮልማንንና የአልበርት አይለርን ስም ጠሩ፤ የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ መሰላቸው። ሥሩ ግን ከቀረርቶ ዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ዘ ኤክስ የተባሉት የኔዘርላንድ የፓንክ ሮክ ሙዚቀኞች ፈልገው አገኙት፤ አብረው ዞሩ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። ጌታቸው ያኔ ሰባ ዓመት አልፎታል። በእነዚያ የሚፋጩ ጊታሮች መሐል ሳክስፎኑ አንድም ጊዜ አይደነግጥም፤ እንዲያውም ጊታሮቹ እሱን ለማክበር የመጡ ዘመዶች ይመስላሉ። አማርኛ የማያውቅ የአውሮፓ ወጣት ሽለላውን ሰምቶ ብድግ ይላል። የሚያስነሣው ኃይል አለ፤ የሚነሣበት ሰው የለም። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ይህን ሲያደርግ ኖረ።

የእህቴ ልጅ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ያላሰብሁትን ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ቃል ከዜማው ከወጣ ገዳዩ ይረሳል፤ እሺ። ሟቹስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ በቀጥታ የምመልስበት ነገር አልነበረኝም። የመጣልኝ ሌላ ቃል የሌለው ሥራ ነው። ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ያወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርዱ ላይ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑ ላይ። «ቼ» እኛ አገር ከልጅነታችን ጀምሮ ለፈረስ የምንለው ነው፤ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ የሚሰማው ድምፅ ነው። አልበሙ ደስ የሚል፣ የሚያስጨፍር ነው። ነገር ግን የወጣበትን ዓመት ልብ በሉ። ቀይ ሽብር ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት የሆቴል ባንዶች ከመንፈቀ ሌሊት እስከ ንጋት ሳያቋርጡ ይጫወቱ ነበር፤ የገባው ሰው መውጣት አይችልምና። ግጥም ሁሉ በሳንሱር በኩል ያልፋል። ልጃቸው የተገደለባቸው ቤተሰቦች ድንኳን ተክለው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። በዚያ ጊዜ ቃል የጠፋው ማንንም ላለማስቆጣት ተመርጦ ብቻ አልነበረም፤ አፍ ተይዞም ነው። እናቴ የምትረግማት ዓይነት አልቃሽ እንኳ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ብትገኝ ምናልባት ታስፈልግ ነበር እላለሁ። ገዳዩ ጎረቤት ሲሆን ስሙን መዋጥ ሌላ ሞት ያስቀራል። ገዳዩ ሥልጣን ሲሆን የሟቹን ስም መዋጥ ለገዳዩ ማገዝ ይሆናል። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ «ቃሉን ከዜማው አውጣ» ብዬ ደንብ ልሰጠው አልቻልሁም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ እሱ ያመጣውን አልበም ደጋግሜ ሰማሁት። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚሉት ስልት በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ያደገ ነው፤ ዘፈኖቹ ረዣዥም ናቸው፣ ምቱ መሐል ላይ ይቀየራል፣ አንዱ ዘፈን ለሌላው መግቢያ ይሆናል። ሱፐርትራምፖች ከዚያ በፊት ሁለት አልበም አውጥተው አልሆነላቸውም። ገንዘብ ሲሰጣቸው የነበረው ባለጸጋም ትቷቸው ሄደ። ሪክ ዴቪስና ሮጀር ሆጅሰን የሚባሉት ሁለቱ ደራሲዎች አዳዲስ ተጫዋቾች ሰብስበው፣ ገጠር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ገብተው ከረሙ። ወደ 40 የሚሆን ዘፈን ሠርተው 8 ብቻ መረጡ። ኬን ስኮት የተባለው ባለሙያ ቀረጻውን መራላቸው። በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። የሽፋኑ ሥዕል የእስር ቤት መስኮት ብረትን የያዙ ሁለት እጆች ናቸው፤ ግድግዳ የለም፣ ክፍል የለም፣ ብረቱ ከዋክብት መሐል ተንሳፍፏል።

ርእሱን ያየ ሰው ደም ይጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዘፈኖች ውስጥ ግን ሬሳ የለም። የመጀመሪያው ስለ ትምህርት ቤት ነው። ሌላው እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎሉ ውስጥ ስለተደበቀ ሰው። ሌላው እብድ ቤት እንዳያስገቡት ስለሚፈራ ሰው። ሩዲ የሚባል ብቸኛ ሰው አለ፤ ባቡር ላይ ተሳፍሯል፣ መድረሻ የለውም። ወንጀል የሚለው ቃል የርእሱን ዘፈን ይዞ ስምንተኛ ላይ፣ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። እዚያም ዘፋኙ የክፍለ ዘመኑን ወንጀል የሚያሤሩ ሰዎች አሉ ብሎ ይጮኻል፤ ጭንብላቸው ይገለጥ ይላል፤ ጭንብሉ ሲገለጥ የሚገኙት እኔና አንተ ነን። ከዚያ ቃል ያልቃል። ከዘፈኑ ግማሽ በላይ ቃል የለውም፤ አንድ የፒያኖ ሐረግ ሳይለዋወጥ ይመላለሳል፣ የክር መሣሪያዎቹ ከሥሩ እያደጉ ይመጣሉ፣ መጨረሻ ላይ በመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ የሰማነው ሃርሞኒካ ይመለሳል። ተማሪው ልጅ የነበረበት ቦታ ደረስን ማለት ነው።

ይህን ስሰማ የእህቴ ልጅ ጥያቄ መልስ ከዚያው ካመጣው አልበም ውስጥ እንደነበረ ገባኝ። እሱ «ጨለማ» ያለው ነገር ያለው ሬሳው ላይ አይደለም። ሰባት ዘፈን ሙሉ የተራ ሰው ኑሮ ነው የሰማነው፤ ሲማር፣ ሲፈራ፣ ሲያልም፣ ባቡር ሲሳፈር። ወንጀሉ የሚከብደው ያ ኑሮ ምን ያህል እንደሆነ ስለተነገረን ነው። አልቃሿም እኮ መጀመሪያ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። በሬዎቹን፣ እጁን፣ ቁመናውን ስታነሣ ሰው ሁሉ ሟቹን አየ። እዚያ ላይ ብትቆም ኖሮ! ወደ ወንድሞቹ የዞረችበት ቅጽበት ላይ ሟቹ አጎቴ ሰው መሆኑ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ዕዳ ሆነ።

ደብተሩን መልሼ ስሰጠው ይህን ነገርሁት። ግድያውን አንድ ዘፈን አድርገሃል፣ በቀሉን አንድ ዘፈን አድርገሃል፤ የሞተው አጎታችን ግን አንድም ዘፈን የለውም አልሁት። ሰውየው ምን ይወድ ነበር? ሲያርስ በሬዎቹን በምን ስም ይጠራ ነበር? ጥያቄዬን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ከእኔ ይልቅ እናቴን መጠየቅ እንደሚሻለው ወዲያው አወቀ። ቋንቋውንም አሰበበት፤ እናቴ ስለ ወንድሟ ስታወራ ሳታውቀው ከአማርኛ ወደ አዊኛ ታልፋለች፤ ዜማውም እዚያ ላይ ይቀየራል አለኝ። ለእኔ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ያላስተዋልሁት ነገር ነው።

ጊታሩ ከዜማችን ጋር እንዳይጣላ መፍራቱንም ነገረኝ፤ እኔ ግን አልተቀበልሁትም። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ጋር «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የሚጮኽ ጊታር ከቅኝታችን ጋር እንደሚኖር ታይቷል። ጌታቸውም ከእነዚያ ደቾች ጋር ቀድሞ አሳይቷል። የእህቴ ልጅ ቡድን ፈተና መሣሪያው አይደለም። አጎቴ ላይ የተኮሰው ሰው ልጆችና የልጅ ልጆች እዚሁ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ እንገናኛለን፤ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሲያልፍ አንድ ቀን እነሱ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። ያን ቀን የሚሰሙት ምንድን ነው? ስማቸው የተጠራበት ፉከራ ነው ወይስ የሞተ ገበሬ ኑሮ? ይህን ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና አንድ ነገር ነገረኝ። ከበሮ የሚመታው ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ነው። ሐሳቡን ሁለቱ አብረው ነው ያመጡት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱም እናቴ ቤት መጡ። ዝናብ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው የክረምት ዝናባችን ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሰው ለመሰማማት መጮኽ ያስፈልገው ነበር። እናቴ ምድጃው አጠገብ ድንች እየላጠች ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኩን ቀርጾ እንዲይዝ መደብ ላይ አስቀመጠው። ከበሮ መቺው በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እርጥብ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሰብስቦ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። በእኛ አገር አንድ እንግዳ ልጅ ቤት ሲገባ የሚጠየቀውን ጠየቀችው፤ «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ልጁ የእህቴን ልጅ አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የአባቱን ስም ተናገረ፤ አስከትሎም የአያቱን። ዝናቡ እየመታ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ተሰማ።

እናቴ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። የያዘችውን ድንች ልጣ ጨረሰችና ውሃው ውስጥ ጣለችው።

«ዳለቻ በሬ ነበራቸው» አለች። «ከወንድሜ በሬ ጋር ተጣምሮ ያርስ ነበር።»